የአለባ ሰዓትና የወተት ቅባት፦ ከጥጃ እስከ ሮቦት አላቢ

የላም ወተት ከአንዲት ላም ቢታለብ እንኳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በውስጡ የሚገኘው የውሃ፣ የቅባት፣ የፕሮቲንና የስኳር መጠን በላሟ ዝርያ፣ በምትመገበው መኖ፣ በዕድሜዋና ከወለደች በኋላ በቆየችበት ጊዜ እንደሚለያይ አርቢዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ላሟ በቀን ስንት ጊዜና በየስንት ሰዓቱ እንደምትታለብ ግን የወተቱን ይዘት በእጅጉ የሚለውጥ ሆኖ ሳለ ለረጅም ዘመን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። የአለባን ሰዓት የወሰነው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ጥጃው፣ ገበያው፣ የባቡር ጉዞ ሰሌዳው፣ ሕጉ፣ የሠራተኛው ድካምና በመጨረሻም ማሽኑ በየዘመኑ ሲቀያይሩት ኖረዋል። በመሆኑም የአለባ ሰዓት ታሪክ፣ ሰዎች የላሟ ተፈጥሮ ነው ብለው ከተቀበሉት የወተት ይዘት ውስጥ ምን ያህሉ የራሳቸው ሥራ ውጤት እንደሆነ ቀስ በቀስ የተረዱበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ለመረዳት አስቀድሞ የላም ግት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ወተት የሚሠራው በግቱ ውስጥ እጅግ ብዙ ሆነው በሚገኙና በዓይን በማይታዩ ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በቀጫጭን ቧንቧዎች አልፎ ከጡቶቹ በላይ ወዳለው ማከማቻ ይወርዳል። ሆኖም ከአንዱ አለባ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ የሚሠራው ወተት አብዛኛው በከረጢቶቹና በቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ውስጥ ታቁሮ ስለሚቆይ በእጅ ኃይል ብቻ ሊወጣ አይችልም። ጥጃው ሲጠባ ወይም አላቢው ግቱን አጥቦ ሲያሻሽ፣ ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ከተባለች ዕጢ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን በደም ተጉዞ ይደርስና በከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉትን ሕዋሳት ያኮማትራል፤ ከረጢቶቹም ተጨምቀው ወተቱን ወደ ታች ይገፉታል። ላሟ ወተቷን አወረደች የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ የወተቱ ክፍሎች እኩል አይጓዙም። ቅባቱ በጥቃቅን እንክብሎች መልክ የሚገኝ በመሆኑ ከቀረው ፈሳሽ ይልቅ በከረጢቶቹ ውስጥ ተይዞ ይዘገያል፤ ስለዚህ በአንድ አለባ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ወተት ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ቅባት ብቻ ሲይዝ፣ በመጨረሻ ተሟጦ የሚወጣው እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከዚህም በላይ የቱንም ያህል ጥሩ አላቢ ቢያልባት በላሟ ግት ውስጥ ከጠቅላላው ወተት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን፣ ቅባቱ የበዛ ቀሪ ወተት ይቆያል። ይህ ቀሪ ወተት በኋላ ከሚሠራው አዲስ ወተት ጋር ተቀላቅሎ በሚቀጥለው አለባ ይወጣል። በሁለቱ አለባዎች መካከል ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ አዲሱ ወተት ጥቂት ስለሚሆን የቀሪው ቅባት ድርሻ ከፍ ይላል፤ ጊዜው ረጅም ከሆነ ግን ያው ቅባት በብዙ አዲስ ወተት ውስጥ ተበትኖ በመቶኛ ሲሰላ ዝቅ ይላል። ፕሮቲኑና ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር በተለመዱት የአለባ ሰዓቶች ብዙም የማይለዋወጡ በመሆናቸው፣ የአለባ ሰዓት ምልክት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በቅባቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የአለባ ሰዓት ወሳኝ ጥጃው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ በግብፅ በዴር ኤልባህሪ ለተቀበረችው ለካዊት የተሠራው የድንጋይ ሣጥን፣ ጥጃዋ ከፊት እግሯ ጋር ታስሮ የምትታለብ ላም ተቀርጾበታል፤ ይህም ጥጃው ለአለባ አስፈላጊ መሆኑ ምን ያህል ጥንታዊ ዕውቀት እንደሆነ ያሳያል። በኢትዮጵያ ደጋማና ቆላማ አካባቢዎችም የሀገረሰብ ላሞች ጥጃቸው ሳይቀርብላቸው ወተታቸውን በቀላሉ ስለማያወርዱ፣ ጥጃው መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ እንዲጠባ ይደረግና ከላሟ አጠገብ ታስሮ ወይም ተይዞ አለባው ይከናወናል፤ ሲያበቃም የቀረውን እንዲያሟጥጥ ይለቀቃል። በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ የሚወጣው ቀጭን ወተትም ሆነ በመጨረሻ የሚቀረው ወፍራም ወተት ለጥጃው ሲደርስ፣ በዕቃ የሚሰበሰበው የመካከሉ ነው። ጥጃው ቶሎ ወይም ዘግይቶ በተለቀቀ ቁጥር ለሰው የሚደርሰው ወተት ቅባት ስለሚለዋወጥ፣ ከአንዲት ላም በሁለት ቤቶች ልማድ የታለበ ወተት ሁለት ዓይነት ይዘት ሊኖረው ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት ለባላገሩ ቤተሰብ ችግር ሆኖ አልታየም፤ ምክንያቱም ወተቱ በአብዛኛው በየአለባው የሚሸጥ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚከማች ነበር። ጠዋትና ማታ የታለበው በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ እየተጠራቀመ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራውም ለብ ተደርጎ አይብና አጓት ይሆናል። የብዙ አለባዎች ወተት በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለሚዋሃድ የጠዋቱ ማነስና የማታው መብዛት ተካክሶ ይጠፋል። የጾም ወቅትም ቢሆን ጥገቷን ከመታለብ አያግዳትም፤ በዐቢይ ጾም ለመጠጥ የማይውለው ወተት ወደ ቅቤ ስለሚለወጥ የአለባው ሥርዓት ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ቅቤ የሚናጥበት ቤት የወተቱን ቅባት በመቶኛ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው ከዕቃው የወጣውን የቅቤ መጠን ነው።

ስለ አለባና ቅባት በጽሑፍ ከሰፈሩት ቀደምት ምልከታዎች መካከል በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የስኮትላንዱ የግብርና ጸሐፊ ጄምስ አንደርሰን ያቀረበው ይገኝበታል። አንደርሰን የአንዲትን ላም ወተት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ በተለያዩ ኩባያዎች አስታልቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚንሳፈፈውን ክሬም በማነጻጸር የመጨረሻው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። በስኮትላንድ ተራራማ አገር ጥጃዎቹ መጀመሪያ እንዲጠቡ ተደርጎ ቀሪው ለቅቤ ይታለብ ስለነበር፣ የዚያ አካባቢ ቅቤ ጥሩ የሆነው በዚህ ምክንያት እንደሆነም ጻፈ። የእርሱ ምክር ለቅቤ ሠሪዎች የታሰበ በመሆኑ ላሟን እስከ መጨረሻው ጠብታ ማሟጠጥን የሚያበረታታ ነበር፤ ከአለባ ሰዓት ጋር የተያያዘው ክርክር ግን ወተት ራሱ እንደ ሸቀጥ ወደ ሩቅ ከተማ መጓዝ እስኪጀምር ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ያ ለውጥ የመጣው በእንግሊዝ አገር በባቡር ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለንደን ከወተቷ ብዙውን የምታገኘው በከተማዋ ውስጥ በጠባብ ጋጣዎች ከሚኖሩ ላሞች ነበር። በ1865 የገባው የከብት ደስታ በሽታ፣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የክፉ ቀንን ረኃብ ያስከተለው ያው በሽታ፣ የከተማዋን ላሞች በብዛት ስለፈጀ ነጋዴዎች ከሩቅ ገጠር በባቡር የሚመጣ ወተት ወደ መግዛት ዞሩ። ከዚያ ወዲህ የእርሻው ሥራ በባቡሩ ሰዓት ይመራ ጀመር። የጠዋቱ ወተት ለጠዋቱ ባቡር እንዲደርስ ላሟ ገና ሳይነጋ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ መታለብ ነበረባት፤ የከሰዓቱም በጊዜ እንዲሄድ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ትታለብ ነበር። በዚህ መንገድ ከጠዋት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ከከሰዓት እስከ ጠዋት ደግሞ 14 ሰዓት ይሆናል፤ በአንዳንድ እርሻዎች ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነበር። ውጤቱም የከሰዓቱ ወተት በቅባት የበለጸገ፣ የጠዋቱ ደግሞ መጠኑ የበዛ ሆኖ ቅባቱ ያነሰ መሆኑ ነው።

በዚያው ዘመን መንግሥት የምግብ ማጭበርበርን ለመከላከል ሕግ ያወጣ ነበር። ወተት ላይ ውሃ መጨመርና ክሬሙን ገፎ መሸጥ በከተሞች የተስፋፋ ወንጀል በመሆኑ፣ የ1875ቱ የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕግ ወተትን ከሌሎች ምግቦች ጋር በቁጥጥር ሥር አደረገው። ነገር ግን ከላም የወጣ ንጹሕ ወተት ምን ያህል ቅባት ሊኖረው እንደሚገባ በሕግ ስላልተወሰነ፣ በየፍርድ ቤቱ የኬሚስቶች ክርክር አላባራም። በሎርድ ዌንሎክ የተመራ አንድ ኮሚቴ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ በ1901 የወተት ሽያጭ ደንብ ወጣ፤ ደንቡም ወተት ከ3 በመቶ በታች ቅባት፣ ወይም ከ8.5 በመቶ በታች ቅባት ያልሆነ ደረቅ ይዘት፣ ማለትም ፕሮቲን፣ ስኳርና ማዕድን፣ ቢገኝበት፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ተጭበረበረ ሸቀጥ እንዲገመት ደነገገ። ቁጥሩ የተመረጠው ብዙ ላሞች በሚሰጡት አማካይ ወተት ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ለአማካይ ተገቢ የሆነው መለኪያ ግን ለአንድ ጠዋት አለባ ሁልጊዜ ተገቢ አልነበረም።

ምንም ያልጨመሩና ያልቀነሱ አርሶ አደሮች የጠዋት ወተታቸው ከ3 በመቶ በታች ሆኖ በመገኘቱ ለክስ የተዳረጉት በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሰዎች የነበራቸው ዋና መከላከያ ወደ ላሟ ይግባኝ ማለት ነበር፤ ይህም ናሙና ከተወሰደ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለሥልጣን ባለበት ላሞቹ በተለመደው ሰዓት እንዲታለቡ አድርጎ፣ ወተቱ ከግቱ ሲወጣ ራሱ የቅባት ማነስ እንዳለበት ማሳየት ነው። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ክራውዘርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የጠዋትና የማታ ወተትን በብዛት እየለኩ የሰዓቱን አለመመጣጠን ዋና ምክንያትነት አረጋገጡ። በ1916 ደግሞ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ወተቱ ከላሟ እንደወጣ ምንም ሳይነካ የተሸጠ እስከሆነ ድረስ ቅባቱ ከተገመተው ልክ ማነሱ ብቻውን ጥፋት እንደማይሆን ወሰነ። ይህ ውሳኔ ከአንድ አርሶ አደር ነጻ መውጣት ያለፈ ትርጉም ነበረው፤ የወተት ይዘት ከታለበበት ሁኔታ ተነጥሎ ሊፈረድበት እንደማይገባ ሕግ የተቀበለበት አጋጣሚ ነበርና።

መፍትሔው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው፤ ላሟን በየ12 ሰዓቱ ማለብ የጠዋቱንና የማታውን ቅባት ያቀራርባል። በተግባር ግን ይህ ማለት አላቢው ከንጋት በፊት ጀምሮ እስከ ምሽት በሥራ ላይ መዋል አለበት ማለት ነው፤ በእጅ የሚያልቡት የእርሻ ሠራተኞችና የአርሶ አደሮቹ ሚስቶችና ልጆች ስለነበሩ፣ የቅባቱ መቶኛ የሚስተካከለው በእነርሱ ዕረፍት ዋጋ ነበር። የሠራተኛው ቀን እያጠረ በሄደባቸው አገሮች ብዙ አርሶ አደሮች 12 ለ12 ከሚለው ይልቅ 10 ለ14 የሚለውን መርጠዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ይህ ምርጫ ያን ያህል ጎጂ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ የጠዋቱና የማታው ወተት በአንድነት ሲደመር በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ያለው የዕለት ምርት ልዩነት አነስተኛ ነው። ችግሩ የሚነሳው የአንዱ አለባ ወተት ብቻውን ተለክቶ ሲፈረድበት ወይም ሲከፈልበት ነው።

ቅባቱን የመለኪያው ዘዴ ራሱ የተገኘው ደንቡ በወጣበት ዘመን አካባቢ ነበር። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ስቲቨን ባብኮክ በ1890 ያቀረበው ዘዴ፣ በወተቱ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ ፕሮቲኑን ካሟሟ በኋላ ጠርሙሱን በፍጥነት በማሽከርከር፣ ቅባቱ ወደ ጠባቡ አንገት ወጥቶ በተሰመረለት ምልክት እንዲነበብ የሚያደርግ ነው፤ በስዊዘርላንድ ኒክላውስ ጌርበር ተመሳሳይ ዘዴ ወዲያው አስከተለ። ከዚህ በፊት ለወተት ፋብሪካ የሚያቀርቡ አርሶ አደሮች የሚከፈላቸው በክብደት ስለነበር ውሃ የጨመረው ይጠቀም ነበር፤ አሁን ግን በቅባት መክፈል ተቻለ። በዴንማርክ በ1895 በቬየን የተመሠረተው ማኅበር የአባላቱን ላሞች አንድ በአንድ እየተከታተለ ምርታቸውንና ቅባታቸውን መመዝገብ ጀመረ፤ ይህም አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። መዝጋቢዎቹ የጠዋቱንም የማታውንም ወተት መዝነው ከሁለቱም እንደየመጠናቸው ናሙና መውሰድ እንዳለባቸው ተረዱ፤ ያለዚያ አንዷ ላም ያልሆነችውን ትመስላለችና።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው በቀን ወደሚደረገው አለባ ብዛት ዞረ። በአሜሪካና በአውሮፓ ስመ ጥር የወተት ላሞች ለውድድር በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታለቡ ጀመር፤ ምርታቸውም ጨመረ። በ1924 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራግስዴል፣ ተርነርና ብሮዲ በግት ውስጥ ወተት በተጠራቀመ ቁጥር አዲስ ወተት የመሥራቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳዩ። ለብዙ ጊዜ ምክንያቱ የግቱ ግፊት ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በ1971 በእንግሊዝ በባብራሃም ተመራማሪዎቹ ሊንዘልና ፒከር በፍየሎች ላይ አዘውትሮ ማለብ የሚያስከትለውን ውጤት መረመሩ፤ በስኮትላንድ በሃና የምርምር ተቋም ደግሞ በ1980ዎቹ የግቱ አንዱ ግማሽ ብቻ ተደጋግሞ ሲታለብ ምርቱ የጨመረው በዚያው ግማሽ ብቻ መሆኑ ታየ። ሆርሞን በደም ወደ ሁለቱም ግማሾች እኩል የሚደርስ በመሆኑ፣ የሚቆጣጠረው ነገር በግቱ ውስጥ ባለው ወተት ዘንድ መሆን ነበረበት። የታለበው ወተት ቦታ በሌላ ፈሳሽ ሲሞላ፣ ግፊቱ ሳይቀንስ ምርቱ በመጨመሩም ከግፊት ይልቅ በወተቱ ውስጥ ያለ ኬሚካላዊ ምልክት ምርትን እንደሚገታ ተደመደመ። በአሁኑ ጊዜ በቀን ሦስቴ ማለብ እንደ ላሟና እንደ አያያዙ የወተቱን መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ የቅባቱ መቶኛ ሳይለወጥ ይቆያል ወይም በጥቂቱ ይቀንሳል።

ተቃራኒውን መንገድ በስፋት የሞከሩት የኒውዚላንድ አርሶ አደሮች ናቸው። ላሞቻቸው በሣር ግጦሽ የሚኖሩ፣ እርሻቸው ሰፊና ሠራተኛቸው ጥቂት በመሆኑ አንዳንዶች በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ማለብ ዞሩ። ወተቱ እንደሚቀንስ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የቅባቱና የፕሮቲኑ መቶኛ ከፍ ይላል፤ በዚያ አገር የሚከፈለውም በቅባትና በፕሮቲን ክብደት ሆኖ በፈሳሹ ብዛት ላይ ቅናሽ የሚደረግ በመሆኑ ኪሳራው ከሚታሰበው ያነሰ ሆነ። በ1990ዎቹ በዚያው አገር የተደረጉ ጥናቶች ከ18 ሰዓት ገደማ በላይ ሳይታለብ የቆየ ግት ውስጥ ምን እንደሚሆን አሳዩ፤ ወተት የሚሠሩትን ሕዋሳት አጥብቀው የሚያያይዙት መገጣጠሚያዎች ይላላሉ፣ ላክቶስ ወደ ደም ይሾልካል፣ ከደም ደግሞ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ወተቱ ይገባሉ። ላክቶስ ውሃን ወደ ወተቱ የሚስበው ዋናው ነገር በመሆኑ ሲቀንስ የወተቱ መጠንም ይቀንሳል። ባጠቃላይ የጀርሲ ዝርያ ላሞች ይህን ሥርዓት ከሆልስታይን ፍሪዥያን በተሻለ ይቋቋሙታል።

በ1992 በኔዘርላንድስ የመጀመሪያዎቹ ሮቦት አላቢዎች በእርሻ ላይ ሲተከሉ የአለባው ሰዓት በከፊል ወደ ላሟ ተመለሰ፤ ምክንያቱም ላሟ በፈለገችበት ጊዜ ወደ ማሽኑ ትሄዳለች። በዚህም አዲስ ጥያቄ ተነሳ፦ በአጭር ጊዜ ልዩነት ተደጋግሞ በሚታለብ ወተት ውስጥ የቅባት እንክብሎቹ ትልልቅና በቀላሉ የሚሰበሩ ስለሚሆኑ፣ ቅባቱን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያገኟቸውና ነጻ የቅባት አሲዶች የሚባሉት ይበዛሉ፤ እነዚህም ከመጠን ካለፉ ወተቱን የሻገተ ጣዕም ይሰጡታል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ከቅባቱ ብዛት ሌላ የቅባቱን ደኅንነት መከታተል ጀመሩ፤ አርሶ አደሮችም አንዲት ላም በጣም በአጭር ጊዜ ልዩነት ስትመጣ ማሽኑ እንዳያልባት የሚያደርግ ገደብ አወጡ።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታታል። በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት በኩል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ላሞች ወደ አገሪቱ ከገቡ ወዲህ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ያለ ጥጃ የሚታለቡ የተዳቀሉ ላሞች ተስፋፉ፤ ወተቱም እንደ ቀድሞው በቤት ውስጥ ተጠራቅሞ የሚናጥ ሳይሆን በየአለባው ወደ ሰብሳቢ የሚሄድ ሸቀጥ ሆነ። የብዙ አለባዎችን ልዩነት ያካክስ የነበረው የእርጎ ዕቃ በገበያው መካከል የለም። ሰብሳቢዎች ከአንድ አርሶ አደር የጠዋቱን፣ ከሌላው የማታውን ተቀብለው በአንድ መለኪያ ሲመዝኑ፣ ወይም ጥጃው ያሟጠጣትን ላም ወተት ጥጃ ከሌላት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የሚያዩት ልዩነት የአርሶ አደሩ ታማኝነት ልዩነት ላይሆን ይችላል።

የእንግሊዝ አርሶ አደሮች ከ1901 በኋላ በፍርድ ቤት የተከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነበር። በጥራት ላይ የተመሠረተ ክፍያ ለላም አርቢዎች ጥሩ ነገር ነው፤ ድካማቸውን በሊትር ብቻ ከመመዘን ያወጣቸዋል። ነገር ግን ፍትሐዊ የሚሆነው ናሙናው የጠዋቱንና የማታውን አለባ እንደየመጠናቸው ሲይዝ፣ የአለባው ሰዓትና የጥጃው ድርሻ ሲመዘገብ፣ መመዘኛውም በአንድ ቀን ናሙና ሳይሆን በተደጋጋሚ ልኬት ላይ ሲቆም ነው። የሁለት መቶ ዓመታት ልምድ የሚያስተምረው የወተት ቅባት ቁጥር ብቻውን ሙሉ ምስክር አለመሆኑን ነው፤ ሰዓቱ ያልተጻፈለት ቁጥር ስለ ላሟም ሆነ ስለ ባለቤቷ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሊከፈልም ሆነ ሊፈረድ አይገባም።